የዕቃ ቤት አደላደልና የዕቃ አመዳደብ

በገጠር ያደገ ሰው የባላገርን ቤት የዕቃ አቀማመጥ ያስታውሳል። ጤፉና ስንዴው በጎተራ ይከተታል፤ ለከርሞ የሚዘራው ዘር ግን መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ለብቻው በጎታ ገብቶ፥ አፉ ተመርጎ ይቀመጣል። ክረምት ገብቶ እህል ቢያጥር እንኳ ማንም አይነካውም። ጨውና በርበሬው ደግሞ በየዕለቱ ስለሚፈለግ ከምድጃው አጠገብ፥ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። የቤቱ እመቤት ይህን ስታደርግ ሦስት ነገሮችን ለይታ አይታለች፤ ይኸውም ብዙ ሀብት የያዘው የትኛው እንደ ሆነ፥ ቢጠፋ ቤተሰቡን የሚጎዳው የትኛው እንደ ሆነ፥ ቶሎ ቶሎ የሚወጣውም የትኛው እንደ ሆነ ነው። ስለ ዕቃ ቤት አስተዳደር የሚነገረው ትምህርት ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች የሚወጣ ነው። ለአንዱ ጥያቄ የተገኘውን መልስ ለሌላው ያዋለ ሰው ግን ዕቃ ቤቱ ሰፊና ሙሉ ቢሆንም ሥራው ይበላሽበታል።

ምሳሌያችንን ከአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ዕቃ ቤት እንውሰድ። በሌላ ዕቃ ቤት የሚፈጸም ስሕተት ገንዘብ ያጠፋል፤ በዚህ ግን ነፍስም ሊያጠፋ ይችላልና።

1ኛ/ በገንዘብ መመደብ

ቪልፍሬዶ ፓሬቶ (1848–1923) የተባለው ጣሊያናዊ የኤኮኖሚ ሊቅ የሰዎችን ገቢና ሀብት ሲመረምር፥ ከሀብቱ የሚበዛው በጥቂቶች እጅ መሆኑን አመለከተ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፎርድ ዲኪ ደግሞ በ1951 በአውሮፓ አቆጣጠር ዕቃን በሦስት መደብ ከፍሎ የመቆጣጠርን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። እኛ መደቦቹን «ሀ»፥ «ለ» እና «ሐ» እንበላቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የያንዳንዱ ዕቃ የአንድ ዓመት ወጪ በአንዱ ዋጋ ይባዛል፤ ውጤቱም ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረደራል። ለመልመጃ ያህል ጤና ጣቢያው 10 ዓይነት ዕቃ ብቻ አለው፥ የዓመቱም ወጪ 1,000,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው መድኃኒት አንዱ 200 ብር ሆኖ በዓመት 2,000 ቢወጣ 400,000 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ዋጋው 5 ብር ብቻ ነው፤ ነገር ግን 60,000 ስለሚወጣ 300,000 ብር ይደርሳል። እንግዲህ ሁለቱ ብቻ ከወጪው 70 በመቶ ያዙ፤ እነዚህ «ሀ» ናቸው። ቀጥለው ያሉት ሦስቱ በድምሩ 200,000 ብር ቢሆኑ «ለ» ይባላሉ። የቀሩት አምስቱ 100,000 ብር ብቻ ስለሚይዙ «ሐ» ናቸው።

እዚህ ላይ የአንዱ ዋጋ እንዳያታልለን ያስፈልጋል። 9,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በዓመት ሁለት ብቻ ቢወጣ 18,000 ብር ነውና ከ«ሐ» መደብ ይገባል፤ ባለ 5 ብሩ መድኃኒት ግን «ሀ» ሆኗል። የ«ሀ» ዕቃ በየወሩ ይቆጠራል፤ ገንዘብ አስሮ እንዳይቀመጥም በጥቂት በጥቂቱ ይታዘዛል። የ«ሐ» ዕቃ አንድ ጊዜ በርከት ተደርጎ ቢገዛና በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢቆጠር ይበቃል።

2ኛ/ በጉዳት መመደብ

ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ የቆመ ሰው ከባድ ስሕተት ላይ ይወድቃል። ማግኒዥየም ሰልፌት የደም ግፊት አድሮባት ድንገት የምትንቀጠቀጥ ነፍሰ ጡር የምትታከምበት መድኃኒት ነው። ዋጋው አነስተኛ፥ ወጪውም ጥቂት ስለ ሆነ በገንዘብ ሲመደብ ከ«ሐ» መጨረሻ ላይ ይገኛል። ሌሊት በቃሬዛ የመጣችው እናት ግን የመድኃኒቱ መደብ «ሐ» መሆኑ ምን ይጠቅማታል?

ስለዚህ ሁለተኛ አመዳደብ ያስፈልጋል፤ ይህም ነፍስ አድን፥ አስፈላጊ፥ ቢቀር የሚቻል ተብሎ ይከፈላል። ሁለቱ አመዳደቦች ሲጣመሩ የ«ሀ» ዕቃ በሙሉ፥ ነፍስ አድን የሆነውም በሙሉ፥ ዋጋው ርካሽ ቢሆን እንኳ፥ ከአንደኛው የጥበቃ ደረጃ ይገባል። የ«ሐ» ሆኖ ቢቀር የሚቻለው ብቻ ከሦስተኛው ደረጃ ይቀመጣል፤ የቀረው ሁለተኛ ነው።

መድኃኒት ከማዕከል ወደ ቅርንጫፍ፥ ከቅርንጫፍ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ትእዛዝ የሚጻፈው ዕቃው ሲያልቅ አይደለም። በወር 20 የሚወጣ መድኃኒት ለመድረስ 2 ወር የሚፈጅ ከሆነ፥ በመካከሉ 40 ይወጣል። መኪና ቢዘገይ ወይም ሕመምተኛ ቢበዛ የሚሆን የአንድ ወር መጠባበቂያ ሲጨመር 60 ይሆናል። እንግዲያው በካርዱ ላይ ቀሪው 60 ሲደርስ ማዘዝ ይገባል።

3ኛ/ ቦታ መደልደል

ዕቃውን የት እናስቀምጠው ሲባል፥ ጥያቄው የገንዘብ ሳይሆን በአብዛኛው የእንቅስቃሴ ነው። በየዕለቱ የሚወጣው ከበሩ አጠገብ፥ አልፎ አልፎ የሚወጣው ወደ ውስጥ፥ ከባዱም ከታች ይሁን። ካርቶን በባዶ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ እርጥበት እንዳያገኘው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር። አየር እንዲዘዋወርና ዙሪያው እንዲጠረግ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የታችኛው እንዳይጨፈለቅም ክምሩ ከ2.5 ሜትር አይብለጥ።

ከዚህ ደንብ የሚወጡም አሉ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ሙቀት ቢመታው መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ያጣልና ካርዱ «አለ» እያለ መድኃኒቱ የለም ማለት ነው። ሱስ የሚያስይዙት ደግሞ በቁልፍ ይጠበቃሉ። ሲወጣም ቀድሞ የገባው ሳይሆን የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ይቅደም።

ይህ ሁሉ የሚጸናው መዝገቡ እውነተኛ ሲሆን ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፥ ሲወጣ ሞዴል 22 ተቆርጦ በዕለቱ በካርዱ ካልተመዘገበ፥ ስሌታችን ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ይሆናል።

ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንመደብ ብዙዎቻችን የግዥ ወረቀት መፈረማችን አይቀርም። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ጓደኛችን ትምህርቱን ለመፈተን ቢወድ በአቅራቢያው ካለ ዕቃ ቤት 20 ዓይነት ዕቃ መርጦ ሦስቱን ጥያቄዎች በየተራ ይጠይቅ። ሦስት የተለያዩ ዝርዝሮች ያገኛል። ከዚያም በገንዘብ መጨረሻ፥ በጉዳት ግን መጀመሪያ የሆነውን ዕቃ ፈልጎ መደርደሪያው ላይ መኖሩን በዓይኑ ይይ። ከሁሉ አስቀድሞ መታዘዝ ያለበት ምናልባት እርሱ ሊሆን ይችላል።