የቆመ አይሱዙ፣ ያልተዘጋ ንግድ

ጥያቄው የመጣው ከዲላ ነው። ጠያቂው አንድ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ይዘው ለዓመታት ከይርጋጨፌና ከገደብ ቡና ወደ አዲስ አበባ ሲያወጡ፣ ሲመለሱ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲጭኑ ኖረዋል። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ጎማውም መለዋወጫውም አልቀመስ አለና መኪናውን ግቢ አቆሙት። ገዢ መጥቷል፤ «ውክልና ይስጡኝና ልውሰደው፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዞራለን» ይላል። ሾፌሩ ደግሞ «ሒሳቤስ?» ብሎ በር ላይ ቆሟል። እርሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ሥራ አቁሜያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይቀረኛል?»

ብዙ ይቀርዎታል፣ ጋሼ። መኪና የሚቆመው ቁልፉን ሲያወጡ ነው፤ ንግድ የሚዘጋው ግን በወረቀት ነው።

ከገዢው ልጀምር፣ የሚያስፈራኝ እሱ ስለሆነ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእርስዎ እስከሆነ ድረስ፣ ገዢው የቀጠረው ሾፌር ነገ ሞያሌ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚደርሰው የእርስዎ ቤት ነው። «ሸጬዋለሁ» ብለው መከራከር ይችላሉ፤ ክርክሩ ግን በእርስዎ ጊዜና በእርስዎ ገንዘብ ነው የሚካሄደው። ውክልና ለገዢውም መተማመኛ አይደለም፤ ወካይ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላልና። ገዢው ይህን አንብቦ ቢደነግጥ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያኔ ሁለታችሁም ወደ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ውሉ በሰነድ ማረጋገጫ ይፈረም፤ ባለቤትዎም ይገኙ፤ ስሙ በተዛወረ ቀን ቀሪውን ብር ይቀበሉ። መኪናው ለባንክ ብድር መያዣ ከሆነ ባንኩ ሳይለቅ ማዛወር አይቻልም። ከትራንስፖርት ማኅበርዎም መልቀቂያ መያዝን አይርሱ።

አሁን ሾፌሩ። ባለመኪኖች ብዙ ጊዜ «እሱ በምልልስ ነው የሚከፈለው፣ ቅጥር የለውም» ይላሉ። አልስማማም። የእርስዎን መኪና በእርስዎ ትእዛዝ እየነዳ ደመወዝ የሚቀበል ሰው፣ ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም፣ ሠራተኛ ነው። ረዳቱም እንዲሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 24 መሠረት ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ውሉ በሕግ ይቋረጣል፤ ሠራተኛው ግን ባዶ እጁን አይሄድም። በቁጥር እንየው፦ ሾፌሩ በወር 12,000 ብር እያገኘ አራት ዓመት ሠርቷል እንበል። የቀን ደመወዙ 400 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 12,000 ብር። ለቀሩት ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፣ 4,000 ብር፣ በድምሩ ሌላ 12,000። ድርጅቱ የተዘጋ በመሆኑ ደግሞ በአንቀጽ 40 ተጨማሪ የ60 ቀን፣ 24,000 ብር። ጠቅላላው 48,000 ብር ይሆናል፤ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ከዚህ ውጭ ነው። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። ሾፌሩ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ክፍያውን ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ መሆኑን ይያዝ።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። የቡናው ወቅት አልፎ ጭነት እስኪገኝ ማቆም ሌላ፣ ጨርሶ መዝጋት ሌላ ነው። «ዘግቻለሁ» ብሎ ሾፌሩን አሰናብቶ በጥቅምት ቡናው ሲደርስ በሌላ ሾፌር መጫን የጀመረ ሰው ሊከሰስ ይችላል፤ እኔም የሾፌሩ ጠበቃ ብሆን እከስሰዋለሁ።

ግብሩ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ግለሰብ ነጋዴን የማስገበር ሥልጣን ለክልሉ ሰጥቷል፤ ስለዚህ የሚሄዱት ዲላ ከተማ ገቢዎች ነው። የክልሎች ሕግ የፌዴራሉን የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መንገድ የተከተለ ነው፦ ንግዱ በተቋረጠ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃሉ፣ የመጨረሻውን ግብር ያስታውቃሉ፣ ይከፍላሉ። ብዙ ሰው የማይጠብቀው መኪናው ራሱ የሚያመጣውን ግብር ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ከሆነ እርጅናው በየዓመቱ ሲቀነስ ኖሯል፤ በመዝገብ 300,000 ብር የቀረ መኪና በ2 ሚሊዮን ሲሸጥ 1.7 ሚሊዮኑ የንግድ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። በእጅዎ የገባው የብር መውደቅ ያመጣው ዋጋ ቢሆንም ሕጉ ትርፍ ነው የሚለው። ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ያስሉ። የተወሰነብዎ ግብር በዛ ካሉ ውሳኔው በደረሰዎት በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ያቅርቡ፤ ቀኑ ካለፈ ጥሩ ምክንያት እንኳ ይዞ መቅረት አለ።

የግብር ክሊራንስ ሲያገኙ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው የንግድ ፈቃዱን ይመልሱ። ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው፤ «ካላሳደስኩት በራሱ ይሞታል» የሚሉ አሉ፣ ፋይሉ ግን ገቢዎች ዘንድ በሕይወት ይቆያል፣ ግብሩም በግምት ይወሰናል። ፈቃዱን የመለሱበትን ደብዳቤ፣ ሾፌሩ እያንዳንዱ ክፍያ በዝርዝር ተጽፎ የፈረመበትን ወረቀትና የሽያጩን ውል አንድ ፌስታል ውስጥ አድርገው ያስቀምጡ። ግብር ሰብሳቢው የቀድሞ ውሳኔውን እስከ አምስት ዓመት ተመልሶ ሊያይ ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ ገደብ የለውም።