ሠራተኛ በልቡ መሥራቱ እንዴት ይታወቃል?

የሠራተኛ እጅ ከሥራው ላይ ሳለ ልቡ ከሌላ ሥፍራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትምህርት ቤት አጥር የሚያሳጥር መምህርም ሆነ እርከን የሚያሠራ ሽማግሌ፥ የመጣውን ሰው ብቻ ቆጥሮ ሥራው ተወደደ ሊል አይገባውም። ይልቁንም አለቃው ዞር ባለ ጊዜ ሥራው ይቀጥል እንደ ሆነ፥ የተሰበረውን መሣሪያ ሳይጠየቅ የሚያመለክት፥ ጉድለቱንም በግልጥ የሚናገር ይገኝ እንደ ሆነ ይመልከት። ዝም ያለ ሠራተኛ ሁሉ ደስ ያለው አይደለም።

ለዚህ ነገር የመንዝ ጓሳ መልካም ምስክር ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ተጠብቆ ነበር። ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ባለመብቶቹ በየተራቸው ይጠብቁታል፤ የሚከፈትበትም ቀን በምክር ይወሰን ነበር። ሕግ የጣሰ ይቀጣል፤ ነገር ግን ሰውን በውርጭ ያስጠበቀው ቅጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ሣሩ በታጨደ ጊዜ ድርሻው እንደማይቀርበት ያውቅ ነበርና ነው። (እርግጥ ነው፥ ርስት የሌለው ሰው ከዚህ ድርሻ አልነበረውም፤ ይህም የሥርዓቱ ጉድለት ነበር።) በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተራ ጠባቂ አጣ።

እንግዲህ ሥራ የሚያሠራ ሰው ሠራተኞቹን ለየብቻቸው ይጠይቅ፤ በጉባኤ ፊት የሚያፍር ሰው በመንገድ ላይ ይናገራልና። የተነገረውንም ከሚቀጥለው የሥራ ቀን አስቀድሞ ያርም፤ ሊታረም የማይቻለውን ምክንያቱን ይንገራቸው፤ አለዚያ ሁለተኛ በጠየቀ ጊዜ እውነቱን የሚነግረው አያገኝም።