ማወቅና መነሣት

ኅዳር ነው፤ የጫጫን ሜዳ ውርጭ ሲመታው አድሯል። አንድ ገበሬ ባናውን ተከናንቦ ተጋድሟል እንበል። ዛሬ የጎረቤቱ ገብስ አጨዳ ነው። ጎረቤቱ ባለፈው ሳምንት በወንፈል አጭዶለታል፤ ስለዚህ መሄድ እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። ግን አልተነሣም። ማወቁ ስለ ምን አላስነሣውም?

በ17ኛው መቶ ዘመን ፈላስፋው ዴካርት ነፍስና ሥጋ ሁለት የተለያዩ ህላዌዎች ናቸው ብሎ ነበር። በዚህ ከሄድን ነፍስ አዛዥ፣ ሥጋ ታዛዥ ነው፤ ለገበሬያችን የጎደለው የፈቃድ ብርታት ነው።

ሌላው ፈላስፋ ባሩክ ስፒኖዛ (1632–1677 እ.ኤ.አ.) ይህን አልተቀበለም። ለእሱ ያለው አንድ ህላዌ ብቻ ነው፤ «እግዚአብሔር ወይም ተፈጥሮ» ይለዋል። ሰውም በጉም ገብሱም የዚያ የአንዱ መገለጫዎች ናቸው። ነፍስና ሥጋም አንድ ነገር በሁለት ወገን ሲታይ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ይከብዳል፦ በውስጥ አዛዥ፣ በላይ ሸላሚ ዳኛ ከሌለ፣ ሰውን ወደ መልካም የሚያነሣሣው ምንድን ነው?

ስፒኖዛ ሲመልስ፣ ማንኛውም ነገር ህልውናውን ለማቆየት ይጥራል ይላል። ስሜትንም የሚያሸንፈው የበረታ ተቃራኒ ስሜት ብቻ ነው። «መሄድ አለብኝ» የሚለው እውቀት እውነት ስለሆነ ብቻ ባና አያስጥልም፤ ከሙቀቱ የሚበረታ ስሜት መሆን አለበት። በአእምሮው ለሚመራ ሰው ደግሞ እንደ እሱ ካለ ሰው የሚበልጥ ረዳት የለም፤ ጎረቤቱን ሲጠቅም ራሱን ያበረታል።

«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» በተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የሸላሚው ዳኛ ነገር ሌላ ነው። (ይህ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ንጉሥ አይደለም፤ የመጽሐፉን ደራሲነትም ምሁራን ይከራከሩበታል።) እዚያ ፈጣሪና ፍጡር ሁለት ናቸው፤ በዚህ ዓለም ያልተሟላው ፍርድ ከሞት በኋላ ይሟላል። ለስፒኖዛ ግን ብፅዕና የመልካምነት ደመወዝ ሳይሆን መልካምነቱ ራሱ ነው።

«ወንፈል ብድር አይደለም ወይ? ከርሞ እንዳይቀርበት ይነሣል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ፍርሃትም ያስነሣል። ስፒኖዛ ግን ክፉን ፈርቶ መልካም የሚሠራ ሰው በአእምሮው አልተመራም ይላል። በፍርሃት የመጣና በደስታ የመጣ አንድ ማሳ ላይ እኩል ቢያጭዱ ነዶው አይለያቸውም። የሚለያቸው ብድር መመለስ የማይችሉ የአንዲት አሮጊት ማሳ ሲደርስ ነው።