ወደ ፊዮርዶቹ ከመንዳትህ በፊት

የእህቴ ልጅ፣ ከኦስሎ ተነስተህ ምዕራብ ኖርዌይን በመኪና ልታይ ነው አሉኝ። እሰየው። ግን ይህችን ስማኝ።

1. ኪሎ ሜትር አትቁጠር፣ ሰዓት ቁጠር። የጥንቱ በረዶ ተራራውን ቦርቡሮ ባሕር ያስገባበት አገር ነው፤ ፊዮርድ የሚሉትም ይህን ነው። ሶግነፊዮርድ ብቻውን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሬት ይገባል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል። ማዶ ያለው መንደር የቤቱ መስኮት ሳይቀር ይታይሃል፤ ለመድረስ ግን ወይ ጀልባ ትጠብቃለህ ወይ ትዞራለህ። ስለዚህ ማታ የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠዋት እወቅ።

2. መንገዱ ሲጠብ «ኤም» የተጻፈበት ሰማያዊ ምልክት ታያለህ፤ መተላለፊያ ነው። በአንተ በኩል ከሆነ ግባና አሳልፍ። ፎቶ ለማንሳት እዚያ መቆም ነውር ነው። ከኋላህ ያለው ሰው ሥራ ሊገባ ነው፣ አንተ ሽርሽር ላይ ነህ።

3. ቁልቁለት። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደነግጠው ሽቅቡን ነው፤ አደጋው ግን ቁልቁል ነው። ትሮልስቲገን እ.ኤ.አ. በ1936 የተከፈተ፣ 11 ጠምዛዛ ኩርባ ያለው መንገድ ነው። ፍሬን ረግጠህ ረግጠህ ከወረድክ ይግላል፣ ከዚያ አይይዝም። ሊማሊሞን የወረደ ሾፌር የሚያደርገውን አድርግ፦ ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ቀንስና ሞተሩ ይያዝልህ። አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ከመነሳትህ በፊት ፈልገው። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ሰፊ ቦታ ቁምና ፍሬኑ ይቀዝቅዝ፤ ማንም አያሳድድህም። መንገዱ ክረምት በበረዶ ይዘጋል፣ በጋም ድንጋይ እየተናደ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ክፍት መሆኑን ሳታጣራ አትሂድ።

4. የሌርዳል ዋሻ 24.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌር እንዳይፈዝ ብለው ውስጡ ሦስት ቦታ አስፍተው በሰማያዊ መብራት አድምቀውታል። አንተ ግን እንቅልፍ ከያዘህ በመብራቱ አትተማመን፤ ሳትገባ ተኛ።

5. «አንዲት ቢራ ምን አላት» እዚህ አይሠራም። ለሾፌር በደሙ የሚፈቀደው የአልኮል ወሰን 0.2 ፕሮሚል (ከሺህ 0.2) ነው፣ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ሌላም ሕግ አለ፦ ቀንም ቢሆን የመኪናህ መብራት ይብራ።

6. በበጋ በጎች ከሙቀት ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይተኛሉ። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስትገባ ዓይንህ ስለማያያቸው አፉ ላይ ፍጥነት ቀንስ። ካገኘሃቸው ጥሩምባ አትንፋ፤ ይደነግጡና ወደ መኪናው ይሮጣሉ። ቀስ እያልክ ተጠጋ፣ ራሳቸው ይነሳሉ።