ቀሚሱ የተቀደደው በየት በኩል ነው?

 

ሱረቱ ዩሱፍን ስትቀራ ፈጥነህ የምታልፈው አንድ ቦታ አለ። የዐዚዝ ሚስት በሮቹን ዘግታ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ወደ ሐራም ጠራችው። እሱ ወደ በሩ ሮጠ፤ እሷ ከኋላ ይዛ ቀሚሱን ቀደደችው። በሩ ላይ ባሏን ሲያገኙት ቀድማ የተናገረችው እሷ ነበረች። ጥፋቷን በእሱ ላይ አዙራ ቅጣቱንም ራሷ መረጠችለት።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ጄኒፈር ፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዚህ ዓይነት አካሄድ ስም ሰጥታዋለች። ሦስት እርምጃ አለው፦ መካድ፣ የተናገረውን ማጥቃት፣ ከዚያ ራስን ተበዳይ አድርጎ ማቅረብ።

ልብ በሉ፣ እውነቱ አልተሰወረም ነበር። ከቤተሰቧ የሆነ መስካሪ ሚዛኑን አስቀመጠ፦ ቀሚሱ ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነተኛ ናት፤ ከኋላ ከሆነ እሱ። ከኋላ ሆኖ ተገኘ። ባልየው ግን ዩሱፍን ነገሩን እንዲተወው ነገረው፤ ሚስቱንም ምሕረት ጠይቂ ብሎ አለፋት። ኋላም ማስረጃውን እያወቁ ንጹሑን አሰሩት። ሥልጣን ያለው ቤት እንዲህ ነው ከተጠያቂነት የሚያመልጠው።

ዛሬስ? አለቃ፣ የቤተሰብ ትልቅ፣ አንዳንዴም ዲን የሚያስተምር ሰው ሲበድል ተበዳይዋ የምትሰማው «ጊባ ነው»፣ «ሰብር አድርጊ»፣ «ስሙን አታጥፊ» ነው። እህቴ ሆይ፣ ኢማም አን-ነወዊ ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲዘረዝሩ የመጀመሪያው ተበዳይ ሐቁን ሊያስመልስለት ለሚችል አካል አቤት ማለቱ ነው። ዝም በይ የሚልሽ ሸሪዓው አይደለም።

ዩሱፍንም (ዐ.ሰ) ተመልከቱ። ከዓመታት እስር በኋላ ንጉሡ ሲያስጠራው ተሯሩጦ አልወጣም። መጀመሪያ እጃቸውን የቆረጡት ሴቶች ጉዳይ ይጣራ አለ። ተጣራ፤ እሷም በአንደበቷ አመነች። ይኸው ዩሱፍ በኋላ ወንድሞቹን ይቅር ያለው ነው። ይቅር ባይነቱ እውነቱ ይውጣ ከማለት አላገደውም። ይቅርታ የተበዳይ ስጦታ ነው፤ በዳይ ምርመራን የሚሸሽበት በር አይደለም።

ስለዚህ ነገ የበደል ወሬ ስትሰማ ማን ቀድሞ አለቀሰ፣ ማንስ ተከታይ አለው ብለህ አትፍረድ። ለከሳሽም ለተከሳሽም የሚሠራውን ጥያቄ ጠይቅ፦ ቀሚሱ የተቀደደው በየት በኩል ነው?

አላህ ለሐቅ ከሚመሰክሩት ያድርገን። ኣሚን።