ቅነሳው ከላይ ይጀምር

ጥያቄ፦ የመንግሥት ካዝና ሲራቆት የሚሻለው ግብር መጨመር ነው ወይስ ወጪ መቀነስ?
(ከናይሮቢ)

መልስ፦ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ፍትሑ ያለው በቅደም ተከተላቸው ነው። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ባቀረበው የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ለመሰብሰብ ሲያቅድ፣ በዳቦ ላይ ሳይቀር 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሊጥል ነበር። የዳቦው ታክስ ቢሰረዝም የሕዝቡ ቁጣ አልበረደም፤ ሰልፈኞች ፓርላማ ገቡ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ፕሬዚዳንት ሩቶም ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ከዚያ በኋላ ግን 177 ቢሊዮን ሽልንግ ወጪ እንደሚቀነስና 47 የመንግሥት ድርጅቶች እንደሚፈርሱ አስታወቁ። ይህን ሁሉ መቀነስ የሚቻል ከሆነ፣ መቅደም የነበረበት እሱ ነው።

«ቅነሳ ብቻውን ጉድለቱን አይሞላም» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ቀሪው 169 ቢሊዮን ሽልንግ በብድር እንዲሸፈን ታስቦ ነበርና። ክሊኒክና ትምህርት ቤት የሚዘጋ ቅነሳም ድሃውን ይጎዳል። ስለዚህ በቅድሚያ የባለሥልጣናት ቅንጦት ይቆረጥ፤ ቀሪው እንደየአቅሙ ከባለሀብቱ ይሰብሰብ። ከድሃው ገቢ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምግብ ላይ ግብር መጫን ግን ፍትሕ ሊባል አይችልም።