ስለ ክረምት በረዶ አስቀድሞ ስለ መሰናዳት

በረዶ የሚባለው ነገር በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ባሉት አገሮች ፀሐይ በምትርቅበት ወራት እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ሲነጋም ሜዳውና ጣራው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የዚያ አገር ገበሬዎች ወራቱ ሳይደርስ እንጨቱን ፈልጠው ይከምራሉ፤ ለከብቱ ድርቆሽ ለቤቱም እህል ያገባሉ፤ መንገዱ በተዘጋ ጊዜም ከደጃቸው ጀምረው በአካፋ ይጠርጋሉ።

በኢትዮጵያም እንዲህ ያለው በረዶ ጨርሶ የለም አይባልም። ከፍታው ከ4,500 ሜትር በሚበልጠው በራስ ደጀን ራስ ላይ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። በቀድሞ ዘመን በአዱሊስ ወደብ አንድ የድንጋይ ጽሕፈት ነበረ፤ ያስጻፈውም ስሙ ያልታወቀ ንጉሥ ነው። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ገልብጦ ስላቈየው እስከ ዛሬ ይነበባል። በዚያ ጽሕፈት ንጉሡ የስሜንን ሰዎች ለመውጋት በሄደ ጊዜ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰጥም እንደ ነበረ ተነግሯል። ዛሬ ወደ ስሜን የሚወጣ መንገደኛ ያን ያህል በረዶ አያገኝም፤ ብርዱ ግን አሁንም ጋቢ ሳይዝ የወጣውን ሰው ያስጸጽተዋል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባሉት በአቃቂና በቃሊቲ የሚወርደው በረዶ ግን ሌላ ነው። እርሱ ጥጥ ሳይሆን ጠጠር ነው። በበልግም ይመጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ቍጥር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 በሚቈየው በክረምትም ይመጣል። የቆርቆሮውን ጣራ እንደ ነጋሪት ስለሚመታው በቤት ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው መሰማማት ያቅታቸዋል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ግን ጎመኑን ይበሳሳል፤ የጤፉን ዛላ ያረግፋል፤ እናቲቱ ያልሰበሰበችውንም ጫጩት ይገድላል።

በረዶው እንዴት ይሠራል ቢሉ፤ ምድር በፀሐይ በጋለች ጊዜ በላይዋ ያለውን አየር ታሞቀዋለች። የሞቀ አየር ቀላል ነውና እርጥበቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ደግሞ ብርዱ ይጸናል፤ 1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ጊዜ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በደመናው ራስ የውሃው ነጠብጣብ ረግቶ ጠጠር ይሆናል። ከታች የሚነሣው ነፋስ ያንን ጠጠር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጠጠሩም ሌላ ውሃ ይለብሳል፤ የለበሰው ውሃ ደግሞ ይረጋል። እንዲህ እየሆነ ነፋሱ ሊሸከመው እስኪያቅተው ድረስ ይከብድና ይወድቃል። ትልቁን የበረዶ ጠጠር በቢላዋ የሰነጠቀ ሰው እንደ ሽንኵርት ልብስ በልብስ ሆኖ ያየዋል። በቈላ አገር በረዶው ብዙ ጊዜ ከሰማይ ሲወርድ በመንገድ ይቀልጥና ዝናብ ሆኖ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሳይቀልጥ ይደርስባታል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ለአቃቂ ሰው ከበረዶው ይልቅ የሚያስፈራው ከእርሱ ጋር የሚመጣው ውሃ ነው። ትልቁ አቃቂ ከከተማይቱ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፤ ትንሹ አቃቂም በሰሜን ምዕራብ በኩል ተነሥተው ከተማይቱን ያቋርጣሉ፤ ሁለቱም ወደ ደቡብ ወርደው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከዚያም ውሃው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በበረሃ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። እንግዲህ በላይኛው ተራራ የዘነበው፤ ከስንትና ስንት ጣራም የወረደው ውሃ ሁሉ በአቃቂ በር ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ በአቃቂ ፀሐይ ወጥታ ሳለች ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ልብስ የምታጥብ ሴት ወይም ከብት የሚያጠጣ እረኛ ውሃው በድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ስንጥር ሲያመጣ ያየ እንደ ሆነ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ቶሎ ከወንዙ ይውጣ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጐልማሳውን ሰው ይጥላልና።

ይህ ነገር ተረት አይደለም። በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ብዙውን ወራት አሸዋው ደርቆ የሚታይ ነው፤ ሰውም ይሻገርበታል፤ ይገበያይበታል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ብርቱ ዝናብ ዘነበ፤ ውሃውም ሌሊት ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በአዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የወረደው ጎርፍ 7 ሰዎችን ገድሏል።

የአቃቂ ምድር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር እስኪያስገባ ድረስ ይከፈታል፤ በክረምት ግን አብጦ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ አያሳልፍም። ውሃው ሄዶ ካላለቀ በቤቱ ሥር ተኝቶ ምሰሶውን ያበሰብሳል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ያሉ ገበሬዎች ይህን ጠባይ ስለሚያውቁ ጥቁሩን አፈር በእጃቸው እያነሡ መደብ ይሠራሉ፤ ውሃውም በመደቦቹ መካከል ይወርዳል። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ሌሎች ገበሬዎች ደግሞ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቀው በክረምቱ መጨረሻ ይዘራሉ።

በቃሊቲ ቍልቍለት ላይ አንድ ቤተ ሰብ ይኖር ነበር። በቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ፤ ልጃቸው፤ የልጃቸው ሚስትና አንድ ብላቴና ነበሩ። ከእነርሱ በታች አንዲት ባልቴት ከሴት ልጅዋ ጋር ትቀመጥ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው አጥር ብቻ ነው። ባልቴቲቱ ኩበት ጠፍጥፋ እያደረቀች በመሸጥ ትተዳደር ነበርና ክምሯ ከአጥሩ ሥር ነበረ።

ግንቦት በገባ ጊዜ ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ቤቱን ዞሩት። በጣራው ላይ የላላውን ሚስማር አስመቱ፤ አሸንዳውን አስጠረጉ፤ ጎታውን ከመሬት አስነሥተው በድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ ማገዶውንም በዳስ ሥር አስገቡ። የከብቱን በረት ውሃ በማይተኛበት ወገን አዞሩት። አባትየውም ቦይ ይቈፍር ጀመረ። ቦዩን ከቤቱ ራስ አንሥቶ በግቢው ዳር እየቈፈረ አወረደውና ከአጥሩ ሲደርስ ዶማውን አስቀመጠ።

ብላቴናው፤ «አባባ፤ ከአጥሩ ወዲያስ ውሃው ወዴት ይሄዳል?» አለው።

አባትየውም፤ «ከአጥሩ ወዲያ የእኛ ግቢ አይደለም» አለ።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ልጃቸውን አልገሠጹትም። ብላቴናውን ጠርተው፤ «ሂድና አንድ ገንቦ ውሃ አምጣ» አሉት። እናቲቱ፤ «አባቴ፤ ውሃው እኮ ከሩቅ የተቀዳ ነው፤ ምን ሊያደርጉበት ነው?» ብላ ተከራከረች። እርሳቸው ግን ገንቦውን ተቀብለው በቦዩ ራስ ላይ ገለበጡት። ውሃው እየተጣመመ ወረደ፤ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገባና በባልቴቲቱ የኩበት ክምር እግር ቆመ። ታችኛው ኩበት ሲጠቍር ሁሉም አዩ። ባልቴቲቱም ከደጅዋ ቆማ ታይ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቃል አልተናገረችም።

አባትየው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ በኋላ፤ «ታዲያ ወዴት ልውሰደው? ወደ ፈፋው እንዳልወስደው የጎመኑ መደብ በመንገዱ ላይ ነው» አለ።

ሽማግሌውም፤ «አያለሁ፤ ልጄ፤ ጎመኑ በመንገዱ ላይ ነው» አሉ፤ ሌላም አልጨመሩ።

የጎመኑ መደብ ለዚያ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። የብላቴናው ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከእርሱ በሚገኘው ገንዘብ ነበር። አባትየው ያን ቀን አልቈፈረም፤ በማግሥቱም አልቈፈረም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነሥቶ የመደቡን እኩሌታ ቈረሰው። ፊቱ የተቈጣ ሰው ፊት ነበረ፤ ሆኖም ቈፈረ። ባልቴቲቱም ከልጅዋ ጋር ከፈፋው ድንጋይ እየተሸከመች አመጣች፤ ቦዩ በሚጠመዝዝበት ስፍራ ዳሩን ገነባችው። ቦዩ ፈፋውን እስኪያገኝ ድረስ አራት ቀን ፈጀ።

ቦይ መቈፈር ብቻውን አይበቃም። የተቈፈረው ቦይ እየተጠረገ ካልኖረ ጕድጓድ ነው። ቅጠሉስ ይበሰብሳል፤ በዚህ ዘመን ከሁሉ የሚከፋው ግን የላስቲክ ከረጢት ነው፤ በላይኛው ሰፈር የተጣለው አንዱ ከረጢት በታችኛው ሰፈር የአንዱን ሰው ደጅ ይዘጋል። ስለዚህ ብላቴናው በየሳምንቱ ቅዳሜ ከባልቴቲቱ ልጅ ጋር ሆኖ ቦዩን ከላይ እስከ ታች እየለቀመ ያጠራ ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አየሩ ታፍኖ ዋለ። በእንጦጦ በኩል ያለው ደመና ጠቍሮ እንደ ግንብ ቆመ። ሽማግሌው ይህን አይተው፤ «ላሚቱን አስገቡ፤ ዶሮዎቹንም ክተቱ» አሉ። በጎረቤት ያሉ ልጆች ከትልቁ ዛፍ ሥር ይጫወቱ ነበርና ብላቴናው እንዲጠራቸው ላኩት፤ መብረቅ ረዥሙን ነገር ይመርጣልና ነጐድጓድ ባለ ጊዜ ከዛፍ ሥር መጠለል ከዝናብ ሸሽቶ ወደ ሞት መሄድ ነው። ልጆቹ ከቤት እንደ ገቡ ነፋሱ ተነሣ፤ ከነፋሱም ጋር በረዶው ወረደ።

የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነበር፤ በኋላ ግን የባቄላ ፍሬ አከለ። ልጆቹ ወጥተው ሊለቅሙ ፈለጉ፤ ሽማግሌው በትራቸውን በበሩ ላይ አጋድመው ከለከሏቸው። ነፋሱ የዳሱን ክዳን ገንጥሎ ወሰደው፤ በሥሩ የነበረው ማገዶና ኩበት ሁሉ ራሰ። ይህን ግን ማንም ልብ አላለም፤ ውሃው ወደ ደጃፉ ይቀርብ ነበርና። በረዶው ከጣራውና ከሜዳው እየተንከባለለ በቦዩ ውስጥ ተከምሮ በጠመዝማዛው ላይ እንደ ግድብ ሆኖ ነበር።

ነጐድጓዱ እስኪርቅ ታገሡ፤ ውሃውም የደጃፉን ድንጋይ ነካ። ያን ጊዜ አባትየው አካፋውን ይዞ ወጣ። ከጠመዝማዛው በደረሰ ጊዜ ባልቴቲቱ ቀድማው ቀሚስዋን አደግድጋ በረዶውን በዶማ ስትበትን አገኛት፤ ልጅዋም በእጅዋ እየዛቀች ትጥል ነበር። እርሱ ከላይ እነርሱ ከታች ሆነው ሠሩ። ግድቡ በተሰበረ ጊዜ ውሃው ነጩን በረዶ ተሸክሞ እየጮኸ ወደ ፈፋው ወረደ። ከደጃፉም ላይ ሸሸ። ከጎመኑ መደብ የቀረው እኩሌታ ግን በበረዶው ተበሳስቶ ወንፊት መስሎ ነበር።

ሌሊቱን ወንዙ ሲያገሣ ተሰማ። ሽማግሌው አልተኙም፤ ከወንዙ ዳር የሚኖሩትን ዘመዶቻቸውን ገና ሲመሽ አስጠርተው ከቤታቸው አሳድረዋቸው ነበር። ቤቱም ሰው ሞልቶ አንዱ ባንዱ ላይ ተኛ።

ሲነጋ እናቲቱ እሳት ልታያይዝ ብትሞክር ማገዶው እርጥብ ሆኖ ጢስ ብቻ ሆነ። ሕፃናቱ በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። አባትየው ከዳሱ የተረፈ ደረቅ ነገር ቢፈልግ አላገኘም፤ ወደ አጥሩም ተመለከተ፤ አፉን ከፍቶ ለመለመን ግን አፈረ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ፤ «ልጄን ላኩልኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ብላቴናው ሮጦ ሄደ። የኩበቱ ክምር ውሃ ሳይነካው ደረቅ ሆኖ ቆሞ ነበር። ባልቴቲቱ በቍና ሞልታ ለልጅዋ አሸከመቻት፤ ለብላቴናውም ከምድጃዋ ፍም በገል አድርጋ ሰጠችው። «እትዬ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበለና፤ ፍሙ እንዳይጠፋ በቀስታ እፍ እያለ፤ ገና ያልቀለጠውን በረዶ በባዶ እግሩ እየረገጠ በቦዩ ዳር ወደ ቤቱ ወጣ።